እንጨትና መሬት የተገናኙ ዕለት

የቆየ የአጥር ቋሚ ሲነቀል ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። ከመሬት በላይ ያለው ወገን ደርቆና ጠንክሮ ይገኛል። ጉድጓዱ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የተቀበረው ጫፍም ብዙ ጊዜ ያን ያህል አልተጎዳም። ቋሚው ቦርቡሮ የሚሰበረው መሬቱ ወለል ላይ፣ ቢበዛ አንድ ሁለት ስንዝር በምትሆን ቦታ ነው።

እንጨት የሚያበሰብሱት ፈንገሶች የእንጉዳይ ዘመዶች ናቸው። ለመኖር ምግብ፣ ውሃ፣ አየርና መጠነኛ ሙቀት ይሻሉ። ምግቡ እንጨቱ ራሱ ስለሆነ አይቸገሩበትም። ከመሬት በላይ ግን ነፋስና ፀሐይ ውሃውን ይወስድባቸዋል፤ ጠለቅ ሲል ደግሞ አየሩ ያጥራቸዋል። ሁሉም ተሟልቶ የሚገኘው መሬቱ ወለል ላይ ነው። በቁጥር ሲነገር፣ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ ከ20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ የሚያበሰብስ ፈንገስ አይነሣበትም። እርጥበቱ 30 በመቶ አካባቢ ደርሶ እዚያው ከቆየ ግን መበስበሱ አይቀርም።

ላሊበላ አቅራቢያ በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንጨትና ድንጋይ እየተደራረበ ከተሠራ ከ800 ዓመት በላይ ሆኖታል። የእንጨቱ ጥራትና የአናጢዎቹ ሙያ ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን ከላይ የተንጠለጠለው የዋሻ ጣሪያ ስንት ክረምት እንዳሳለፈለት መዘንጋት አይገባም። የስዊድኑ የጦር መርከብ ቫሳ ታሪክ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። መርከቡ እ.ኤ.አ. በ1628 ሰጥሞ በ1961 ሲወጣ አብዛኛው አካሉ እንዳለ ነበር። 333 ዓመት የቆየበት የባልቲክ ባሕር ቀዝቃዛና ጨው የሚያንሰው በመሆኑ፣ በሌሎች ባሕሮች መርከብ የሚቦረቡረው ትል አይኖርበትም፤ በጭቃው ውስጥም አየር አልነበረም። እውነተኛው ችግር የመጣው መርከቡ አየር ካገኘ በኋላ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅና እንዳይኮማተር ለ17 ዓመታት ያህል ፖሊኢትሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል ሲረጭበት ቆይቷል። እንግዲህ እንጨትን የሚጎዳው ድርቀትም ውሃም ለየብቻው ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለው ኑሮ ነው።

ምስጥ የሚመጣውም በዚሁ በመሬት በኩል ነው። በኢትዮጵያ ምዕራብ፣ በተለይ በወለጋ መንዲና ማና ሲቡ አካባቢ፣ ምስጥ የሰብልና የግጦሽ ብቻ ሳይሆን የቤትም ጠላት ሆኖ ይታወቃል። እዚያ ከፍ ያለ ኩይሳ የሚሠራው የምስጥ ዓይነት ደረቅ እንጨትን ብቻውን አይፈጨውም። የቃረመውን እንጨት፣ ሣርና ጭድ ወደ ኩይሳው ያስገባና በውስጡ ባዘጋጀው መደብ ላይ ፈንገስ ያበቅልበታል፤ ጠንካራውን ክፍል የሚያላላለት ያ ፈንገስ ነው። በክረምት ከኩይሳ ላይ የሚለቀመው ጥሩ እንጉዳይ የዚሁ እርሻ ፍሬ ነው። ነፍሳትና ፈንገስ ሁለት የተለያዩ ጠላቶች ናቸው ለሚል ሰው ኩይሳው በቂ መልስ ነው።

ሠራተኛው ምስጥ ቆዳው ስስ ስለሆነ ፀሐይና ደረቅ አየር አይችልም። ስለዚህ ወደ እንጨት ሲወጣ በግድግዳና በቋሚ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያላት የጭቃ መተላለፊያ ይገነባል። በድንጋይ መሠረት ላይ ያለች እንዲህ ያለች የጭቃ መስመር በጊዜ ከታየች ብዙ ነገር ታድናለች። ችግሩ የጭቃ ቤት ነው። ወጋግራው በቀጥታ መሬት ውስጥ ተተክሏል፤ ማገሩ ታስሮበታል፤ ከላይ በጭድ የተቦካ ጭቃ ተለስኗል። ምስጡ መተላለፊያ መሥራት አያስፈልገውም፤ ግድግዳው ራሱ መተላለፊያው፣ ጭዱም ስንቁ ነው። የቤቱ ባለቤት የሚያውቀው ወጋግራው ተበልቶ አልቆ ልስኑ ብቻ ሲቀር ነው።

ለዚህ ቤት የሚያስፈልገው የመጀመሪያው መድኃኒት ድንጋይ ነው። ቋሚው ጉድጓድ ውስጥ ከሚገባ ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ መሠረት ላይ ቢቆም፣ ወይም በብረት እግር ቢያዝ፣ ፈንገሱም ምስጡም ዋናውን መግቢያቸውን ያጣሉ። ክፈፉ ወጣ ያለ ጣሪያ፣ የማያፈስ አሸንዳ፣ ከግድግዳው ሥር ውሃ የሚያሸሽ ቦይ ሲጨመርበት የቤቱ ዕድሜ በብዙ ይረዝማል። ይህ ሁሉ ወጪ አለው፤ ቢሆንም የበሰበሰ ወጋግራ ግድግዳ አፍርሶ ከመለወጥ ይረክሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው የእንጨቱ ዘር ነው። የሐበሻ ጥድና ወይራ ለቋሚነት የተመረጡት በአጋጣሚ አይደለም። የግንዳቸው መሐል፣ ጠቆር ያለው ክፍል፣ ፈንገስና ነፍሳት የማይወዷቸው የተፈጥሮ ቅመሞች አሉት። ዋንዛም ለበርና ለዕቃ የተከበረው ከውበቱ በተጨማሪ ምስጥ በቀላሉ ስለማይደፍረው ነው። ዝግባ ግን መልከ መልካምና ለመሥራት የሚመች ቢሆንም ከመሬት ጋር የሚያነካካ ሥራ አይሰጠውም። ከቅርፊት ሥር ያለው ነጣ ያለ ክፍል በየትኛውም ዛፍ ላይ ደካማ ነው፤ ወይራም ቢሆን በዚህ ወገን አይመካም።

ባሕር ዛፍ የሚቸገረው በዚህ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ በማገዶና በቤት መሥሪያ እጦት በተጨነቀችበት ወቅት መጥቶ ከተማዋን አዳናት። ይሁን እንጂ በጥቂት ዓመት ዕድሜው የሚቆረጠው አጣና አብዛኛው ነጣ ያለው ክፍል ነው። ለሰው ዓይን ጠንካራ ይመስላል፤ መሬት ውስጥ ሲገባ ግን ብዙ ዓመት አይቆምም።

ደግነቱ ይኸው ደካማ ክፍል መድኃኒት በደንብ ይጠጣል። የመብራትና የስልክ እንጨት ፖሎች የሚዘጋጁበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1838 እንግሊዛዊው ጆን ቤተል የባለቤትነት መብት ካወጣበት ብዙም አልራቀም። የተላጠና የደረቀ ግንድ ረጅም የብረት ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ይታሸጋል። መጀመሪያ በእንጨቱ ውስጥ ያለው አየር ይመጠጣል፤ ከዚያ መድኃኒቱ ይለቀቅና በከፍተኛ ግፊት ወደ ውስጥ ይገፋል። ቤተል የተጠቀመው ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጣውን ክሪዮሶት ሲሆን የባቡር ሐዲድ አጋዳሚ እንጨቶችን ዕድሜ ያራዘመው እርሱ ነው። በ1933 ደግሞ ሕንዳዊው ሶንቲ ካሜሳን መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሰኒክ የተቀላቀሉበትን አረንጓዴነት ያለው መድኃኒት ፈጠረ። መዳቡ ፈንገስን፣ አርሰኒኩ ነፍሳትን ሲከላከል ክሮሚየሙ ሁለቱን ከእንጨቱ ጋር ያጣብቃቸዋል። በሚገባ የታከመ የባሕር ዛፍ ፖል 20 እና 30 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆማል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ፖሉ ከታከመ በኋላ ማሳጠር ቢያስፈልግ የሚቆረጠው ከጫፉ እንጂ ከሥሩ አይደለም፤ መድኃኒቱ እስከ መሐል አይደርስምና ያልታከመው ልብ መሬት ውስጥ ይገባል።

በየሰፈሩ የሚደረጉት ዘዴዎችስ? የቋሚውን ሥር በእሳት መለብለብ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ከሰሉን ራሱን ፈንገስ አይበላውም፤ ነገር ግን ከሰሉ ይሰነጠቅና እርጥበቱ በስንጥቁ ይገባል፤ በሙከራ ሲታይም ያተረፈው ጥቂት ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ምስጥን ለጊዜው ያርቅ ይሆናል፤ ወደ እንጨቱ ውስጥ ግን እምብዛም ስለማይዘልቅ አፈርንና የጉድጓድ ውሃን ከመበከል የዘለለ ዘላቂ ጥቅም የለውም። ይህ ልማድ ቢቀር ይሻላል።

የቤት ዕቃ ጠላት ሌላ ነው። ከወንበር ወይም ከአልጋ ሥር እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ሲገኝ፣ እንጨቱ ላይም የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ጉድጓዶች ሲታዩ፣ ሰዎች ነቀዝ ገባ ይላሉ። ነቀዙ የሚፈልገው በእንጨቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ስታርች ነው፤ ቀርከሃ ቶሎ የሚበላውም ስታርች ስለሚበዛው ነው። ቀዳዳዋ ነቀዙ ሲወጣ የተወው በር እንጂ የገባበት አይደለም፤ ጉዳቱ ውስጥ ለውስጥ ሲሠራ ቆይቷል ማለት ነው። ቫርኒሽ አዲስ እንቁላል እንዳይጣል ያግዳል፣ ውስጥ ያለውን ትል ግን አይገድልም። ቀርከሃና ጥሬ ጣውላ ከመሠራታቸው በፊት ቦራክስና ቦሪክ አሲድ ከመቶ አምስት እጅ ገደማ በተበጠበጠበት ውሃ ለቀናት ተነክረው ቢደርቁ ግን ነቀዝ አይደፍራቸውም። ውህዱ በውሃ ስለሚታጠብ የሚሠራው ዝናብ ለማይነካው ዕቃ ብቻ ነው። ጣውላው ደግሞ በጥላ ሥር፣ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ ተደርድሮ ይድረቅ፤ ለሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት የሚለው የአናጢዎች ግምት ችኩል ደንበኛን ባያስደስትም መሠረት ያለው ነው።

ነፍሳቱ በቁሙ ያለ ዛፍንም አይምሩም፤ ከአገር አገር የሚያጓጉዛቸውም ብዙ ጊዜ የሞተ እንጨት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ኒው ዮርክ ውስጥ የታየው ረጅም ቀንድ ያለው የእስያ ጢንዚዛ ከቻይና የገባው በዕቃ ማሸጊያ እንጨት እንደሆነ ይታመናል፤ እርሱን ለማጥፋት በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎች ተቆርጠዋል። በ2002 የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ ድንበር የሚሻገር የማሸጊያ እንጨት እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ለ30 ደቂቃ እንዲያገኝ ወይም በሌላ የተፈቀደ ዘዴ እንዲታከም ያዛል። ደንቡን ያሟላ ፓሌት ላይ የስንዴ ዛላ የሚመስል ማኅተም ይታተማል። ፓሌት ወደ ወንበርና መደርደሪያ ለሚለውጡ ሰዎች ማኅተሙ ይጠቅማቸዋል፦ ኤች ቲ የሚለው በሙቀት የታከመ ሲሆን፣ ኤም ቢ ያለበት ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ቤት ባይገባ ይመረጣል።

አርሰኒክ ያለበት መድኃኒት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት ከሚውል አብዛኛው እንጨት ወጥቷል፤ ቦታውንም አርሰኒክ የሌላቸው የመዳብ ውህዶች ይዘዋል። ቀድሞ የታከሙ ፖሎች ግን በብዙ አገር ገና ቆመዋል፤ ሲያረጁም ይወድቃሉ። የወደቀ ፖል ደርቆና ነጻ ሆኖ ሲታይ ለማገዶ ያጓጓል። እንጨቱ ሲቃጠል አርሰኒኩ ግን አይቃጠልም፤ ከፊሉ በጭሱ ይወጣል፣ ቀሪው አመዱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የታከመ ፖል ስባሪ ከምድጃና ከምጣድ ሥር አይግባ፤ አመዱም ጓሮ አይበተን።