ለኢትዮጵያ ሰማይ የሚስማማ የቴሌስኮፕ መሸከሚያ፦ አመራረጡና አተካከሉ

በሰኔ ወር 2007 ዓ.ም የተመረቀው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች እንዳሉት ይታወቃል። ከእነዚህ በእጅጉ የሚያንሱና በሰው ጉልበት ሊጓጓዙ የሚችሉ ቴሌስኮፖችም ለትምህርትና ለሰማይ ፎቶግራፍ ሥራ ያገለግላሉ። እንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ሲገዛ ብዙውን ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ለመስታወቱ ስፋትና ለማጉላት አቅሙ ነው። ይሁን እንጂ በረጅም ጊዜ ፎቶግራፍ ሥራ ውጤቱን በቅድሚያ የሚወስነው ቴሌስኮፑን የሚሸከመውና የሚያዞረው አካል፣ ማለትም መሸከሚያው ነው።

ጥልቅ ሰማይ የሚባለው ከሥርዓተ ፀሐይ ውጪ የሚገኙትን የከዋክብት ክምችቶች፣ የጋዝና የአቧራ ደመናዎች እንዲሁም ጋላክሲዎችን የሚያጠቃልል ነው። ለምሳሌ የኦሪዮን ኔቡላ ከመሬት ወደ 1 ሺህ 300 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ከእነዚህ አካላት የሚደርሰው ብርሃን እጅግ ደካማ በመሆኑ ካሜራው ለአንድ ምስል ለበርካታ ደቂቃዎች ተከፍቶ ብርሃን መሰብሰብ ይኖርበታል።

ካሜራው ብርሃን በሚሰበስብበት ጊዜ ግን መሬት መሽከርከሯን አታቋርጥም። መሬት ከከዋክብት አንጻር አንድ ዙር የምታጠናቅቀው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ሲሆን፣ በዚህም ምክንያት ከዋክብት በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ሲጓዙ ይታያሉ። ይህም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 15 የቅስት ሴኮንድ ማለት ነው። አንድ የቅስት ሴኮንድ የአንድ ዲግሪ 3 ሺህ 600ኛ ክፍል ነው። የትኩረት ርቀቱ 500 ሚሊ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ላይ 3.76 ማይክሮን ስፋት ያላቸው ፒክስሎች ያሉት ካሜራ ቢገጠም፣ መሸከሚያው ካልተንቀሳቀሰ ኮከቡ በአንድ ሴኮንድ ብቻ ወደ 10 የሚጠጉ ፒክስሎችን ያቋርጣል። ነጥብ መሆን የሚገባው ኮከብም መስመር ሆኖ ይቀራል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሆነው መሣሪያ ረጅም ታሪክ አለው። ጀርመናዊው የመነጽር ሊቅ ዮሴፍ ፎን ፍራውንሆፈር እ.አ.አ በ1824 በዛሬዋ ኢስቶኒያ ታርቱ ከተማ ለሚገኘው ኦብዘርቫቶሪ የሠሩት ቴሌስኮፕ በሰዓት ሞተር እየተነዳ ከዋክብትን የሚከተል መሸከሚያ ነበረው። አሜሪካዊው ሄንሪ ድሬፐርም መስከረም 30 ቀን 1880 እ.አ.አ የኦሪዮን ኔቡላን የመጀመሪያ ፎቶግራፍ ለማንሳት የበቁት ቴሌስኮፓቸው ለ51 ደቂቃ ያህል ሰማዩን እንዲከተል በማድረግ ነው።

የዚህ ዓይነቱ መሸከሚያ አሠራር በሁለት ዛቢያዎች ላይ የተመሠረተ ነው። አንደኛው የዋልታ ዛቢያ ሲሆን ከመሬት ዛቢያ ጋር ትይዩ ሆኖ ይተከላል። በዚህ ዛቢያ ላይ የተገጠመው ሞተር ከመሬት ሽክርክሪት ጋር እኩል በሆነ ፍጥነት በተቃራኒው አቅጣጫ ሲዞር ኮከቡ በካሜራው ላይ በአንድ ቦታ ይቆያል። ሁለተኛው ዛቢያ ቴሌስኮፑን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ለማነጣጠር ያገለግላል።

የዋልታ ዛቢያው ከአድማስ የሚኖረው ከፍታ ከተተከለበት ቦታ ኬክሮስ ጋር እኩል መሆን አለበት። ለኢትዮጵያ ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ሀገሪቱ በ3 እና በ15 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ መካከል የምትገኝ ስትሆን፣ አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ፣ ሐዋሳ በ7 ዲግሪ ገደማ፣ መቀሌ ደግሞ በ13 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ይገኛሉ። ለንደን ግን ከ51 ዲግሪ በላይ ላይ ትገኛለች። በገበያ ላይ ካሉት መሸከሚያዎች አንዳንዶቹ የአውሮፓንና የሰሜን አሜሪካን ኬክሮስ ታሳቢ አድርገው የተሠሩ በመሆናቸው የማዘንበያ ብሎናቸው እስከ 9 ዲግሪ ዝቅ አይልም። እንዲህ ያለው መሸከሚያ ምንም ያህል ውድ ቢሆን በአዲስ አበባ ያለማሻሻያ ሊያገለግል አይችልም።

ሌላም ችግር አለ። ዛቢያው ወደ አግድም በተጠጋ ቁጥር ቴሌስኮፑን የሚያመጣጥነው የብረት ክብደት ሲዞር ከማቆሚያው እግሮች ጋር ሊጋጭ ይችላል። ይህንንም በማቆሚያውና በመሸከሚያው መካከል ማራዘሚያ ምሰሶ በማስገባት ማስቀረት ይቻላል።

ስለሆነም መሸከሚያ ለመግዛት በሚዘጋጅ የጨረታ ሰነድ ላይ ቢያንስ አራት ነጥቦች በግልጽ መስፈር ይገባቸዋል። እነዚህም መሸከሚያው የሚያዘነብልበት ዝቅተኛ የኬክሮስ ልክ፣ የመሸከም አቅሙ፣ ለራስ ሰር መሪ ካሜራ መገናኛ ያለው መሆኑ እና ማራዘሚያ ምሰሶው በዋጋው ውስጥ መካተቱ ናቸው። ለፎቶግራፍ ሥራ የቴሌስኮፑና የካሜራው ጠቅላላ ክብደት አምራቹ ከገለጸው አቅም ከግማሽ ያህሉ እንዳይበልጥ ይመከራል።

መሸከሚያው ከተገኘ በኋላ የተከላው ሥራ በቅደም ተከተል ይከናወናል። በቅድሚያ ባለሦስት እግር ማቆሚያው በጠንካራ መሬት ላይ ቆሞ በውሃ ልክ ይስተካከላል። ቀጥሎ በኮምፓስ የሰሜን አቅጣጫ ይፈለጋል። ኮምፓስ የሚያመለክተው መግነጢሳዊ ሰሜን ከትክክለኛው ሰሜን ጋር አንድ ባለመሆኑ፣ የአካባቢው ልዩነት ታስቦ መታረም ይኖርበታል፤ ብረት ባለበት አጠገብም መለካት አይገባም። ከዚያም የማዘንበያ ብሎኑ በቦታው ኬክሮስ ልክ ይደረጋል። በመጨረሻም ቴሌስኮፑና ካሜራው ሙሉ በሙሉ ከተገጠሙ በኋላ ሁለቱም ዛቢያዎች ሚዛናቸውን እንዲጠብቁ ይደረጋል።

ይህ ሁሉ ግን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ዛቢያው ወደ ሰማይ ዋልታ በትክክል መነጣጠር አለበት። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የተለመደው ዘዴ ከዋልታው ከ1 ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ የሚገኘውን የሰሜን ኮከብ በትንሽ መነጽር መፈለግ ነው። በአዲስ አበባ ይህ ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ የሚታይ በመሆኑ ጭጋግ፣ ዛፍ ወይም ሕንጻ በቀላሉ ይሸፍነዋል። በእንጦጦ ግርጌ ባሉ ሰፈሮች ደግሞ ተራራው ራሱ ሊጋርደው ይችላል።

በዚህ ጊዜ የሰሜን ኮከብን ማየት የማይጠይቅ ነባር ዘዴ አለ። በሰማይ ወገብ አቅራቢያ ሆኖ በደቡብና በሰሜን መካከል ባለው መስመር ላይ የሚገኝ ኮከብ ተመርጦ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ይታያል። ኮከቡ ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ ዛቢያው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሰሜን ከተንሸራተተ ደግሞ ወደ ምዕራብ አጋድሏል ማለት ነው። ቀጥሎም በምሥራቅ ሰማይ ዝቅ ብሎ የሚታይ ኮከብ ይመረጣል። ይህኛው ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ ዛቢያው ዝቅ ብሏል፣ ወደ ሰሜን ከሆነ ከፍ ብሏል። ብሎኖቹ ጥቂት በጥቂት እየዞሩ መንሸራተቱ እስኪቆም ድረስ ሥራው ይደጋገማል። በአሁኑ ወቅት ደግሞ መሸከሚያው በተለያየ ቦታ ላይ ሆኖ የሚነሱ ጥቂት ፎቶግራፎችን ከከዋክብት ካርታ ጋር በማመሳከር የስሕተቱን መጠን የሚያሰሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ሥራውን በደቂቃዎች ውስጥ ያጠናቅቃሉ።

የጥንቃቄውን አስፈላጊነት በአኃዝ ማሳየት ይቻላል። ዛቢያው ከዋልታው በ10 የቅስት ደቂቃ፣ ማለትም በአንድ ዲግሪ 6ኛ ክፍል ቢዛነፍ፣ ኮከቡ በ5 ደቂቃ ውስጥ እስከ 13 የቅስት ሴኮንድ ሊንሸራተት ይችላል። ከላይ በተጠቀሰው ካሜራ ይህ ከ8 ፒክስል በላይ ነው።

የመሸከሚያው ማርሾችም ፍጹም ባለመሆናቸው ተደጋጋሚ የፍጥነት መዛባት ያስከትላሉ። ይህንን ለማረም ሁለተኛ ትንሽ ካሜራ በየጥቂት ሴኮንዱ አንድ ኮከብ እየተመለከተ ለሞተሮቹ የማረሚያ ትእዛዝ እንዲደርሳቸው ይደረጋል። ሆኖም መሪ ካሜራው የዛቢያውን መዛነፍ ሙሉ በሙሉ አያካክስም። መሪው ኮከብ በቦታው ቢቆይም በዙሪያው ያለው ምስል ቀስ በቀስ መዞሩ አይቀርም።

ተከላው በአግባቡ ሲከናወን የሀገሪቱ አቀማመጥ ትልቅ ጥቅም ይሰጣል። የኦሪዮን ኔቡላ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት በአዲስ አበባ ሰማይ እስከ 76 ዲግሪ ከፍ ይላል። ለንደን ላይ ከቶ የማይወጣው ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው የከዋክብት ክምችት እስከ 33 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ሲታይ፣ በሰሜን የሚገኘው የአንድሮሜዳ ጋላክሲም ከ55 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ለምድር ወገብ ቅርብ መሆን የዋልታውን ኮከብ ዝቅ ቢያደርገውም ሁለቱንም የሰማይ ገጽታዎች ያስገኛል።

በመሆኑም ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች የቴሌስኮፕ ግዥ ሲያቅዱ መሸከሚያውን እንደ ተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን እንደ ዋና መሣሪያ ሊመለከቱት ይገባል። በርክክብ ወቅትም ሣጥኑን ቆጥሮ ከመረከብ ባሻገር መሸከሚያው በሚያገለግልበት ከተማ ኬክሮስ ልክ ተተክሎ፣ አንድ ኮከብ ለ5 ደቂቃ ሳይንሸራተት መከተሉ በፎቶግራፍ ሊረጋገጥ ይገባል። ይህ ፍተሻ የሚጠይቀው አንድ ጥርት ያለ ሌሊት ብቻ ሲሆን፣ መሣሪያው በመጋዘን ተቀምጦ እንዳይቀር ያደርጋል።