ሕግ በምን ይመዘናል?

አንድን ሕግ «ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» የምንለው በምን ሚዛን ነው? እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄርሚ ቤንታም (1748–1832 እ.ኤ.አ.) እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ ሚዛኑ ደስታ ነው ይላል። ሰው ሥቃይን ይሸሻል፣ ደስታን ይሻል፤ ስለዚህ ጥሩ ሕግ ማለት የሕዝቡን ደስታ የሚያበዛ፣ ሥቃዩን የሚቀንስ ነው። ይህ የጠቃሚነት ፍልስፍና ወይም ዩቲሊታሪያኒዝም ይባላል። ስሙን ሰምተን እንዲያው ራስ ወዳድነት እንዳይመስለን፤ በዚህ ስሌት የባለርስቱም የጭሰኛውም ደስታ እኩል ይቆጠራል።

ነገሩን ወደ ጌዴኦ እናምጣው። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በዚህ አካባቢ ብዙው ገበሬ ቡናና እንሰት እየተከለ ለባለርስት የሚገብር ጭሰኛ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች ሚጪሌ ላይ ያመፁትም ይኸው መሮአቸው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ጥቂቶች ከሰሩ፣ እጅግ ብዙዎች ተጠቀሙ። በቤንታም ሚዛን ጥቅሙ አመዘነ።

ታዲያ ስሌቱ በዚህ አበቃ? የለም። ያው መሬት ያገኘው ገበሬ በደርግ ዘመን የቡናውን ዋጋ የሚቆርጥለት መንግሥት ነበር፤ እሱን የጠየቀው አልነበረም። ቤንታምም ዕድሜው ሲገፋ ያተኮረው በዚሁ ላይ ነው፤ ገዥ ተቆጣጣሪ ከሌለው የሚያሰላው የራሱን ደስታ ነው። ስለዚህ ምርጫና ግልጽ አሠራር ያስፈልጋል አለ። ጆን ስቱዋርት ሚል (1806–1873 እ.ኤ.አ.) ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ነፃነት በጻፈው መጽሐፍ፣ ብዙኃኑም ጥቂቱን ሊጨቁን ስለሚችል የአንድ ሰው ሐሳብ እንኳ መታፈን የለበትም ሲል አስጠነቀቀ። በጌዴኦ ሶንጎም ቢሆን ሽማግሌዎች ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ አይፈርዱም።

ይህ ነገር እኛን መምህራንን በቀጥታ ይነካናል፤ በክፍላችን ሕግ አውጪዎቹም ዳኞቹም እኛው ነንና። ቤንታም ቅጣት በራሱ ክፉ ነው፣ የሚፈቀደውም ከእሱ የባሰ ክፉ ነገር ሲያስቀር ብቻ ነው ይላል። ነገ ቡሌ ወይም ወናጎ ስንመደብ፣ ቡና ሲለቅም አርፍዶ የመጣውን ልጅ ከማስወጣታችን በፊት እንጠይቅ፦ በቅጣቱ ማን ይጠቀማል? ማን ይጎዳል? ልጁስ ተሰምቷል ወይ?