የጭስ ስርጭት ሶፍትዌርና የወለጋ ሰማይ፦ ተረትና እውነታ

ተረት፦ ሶፍትዌሩ ዓለም አቀፍ ነው፤ ነቀምቴ ላይም እንዳለ ይሠራል።

እውነታ፦ ኤርሞድ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከ2005 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በደንቡ የተቀበለው፣ ማንም በነጻ የሚያወርደው የጭስ ስርጭት ማስያ ነው። ቀመሩ የትም አንድ ነው፤ አጋዥ ፕሮግራሞቹ ግን አሜሪካን አስበው ተሠርተዋል። የመሬቱን ሸካራነትና እርጥበት የሚያወጣው ኤርሰርፌስ የሚያነበው የዚያን አገር የመሬት ሽፋን ካርታ ነው። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚያዘጋጅ ባለሙያ እንግዲህ የነቀምቴን ዙሪያ ራሱ አይቶ፣ ባሕር ዛፉንና የቡናውን ጥላ ከቆርቆሮ ጣሪያው ለይቶ ቁጥሮቹን በእጁ ያስገባል። ሐምሌንም ደረቅ በጋ አድርጎ እንዳይተወው፤ ወለጋ ያን ጊዜ ዝናብ ላይ ናት።

ተረት፦ ሰዓት ያው ሰዓት ነው።

እውነታ፦ በእኔ ግምት የእኛን አገር ስሌት ከምንም በላይ ሊያበላሽ የሚችለው ይህ ነው። የፋብሪካው መዝገብ «ጠዋት 3 ሰዓት» ይላል። የሜትሮሎጂው መረጃ በግሪንዊች አቆጣጠር ከሆነ ያችኑ ሰዓት 6 ይላታል። የአየር ጠባዩን መረጃ የሚያሰናዳው ኤርሜት የሚፈልገው ደግሞ 9 ነው። 3ን እንዳለ ያስገባ ሰው ፀሐይ ያሞቀችውን አየር ውድቅት አድርጎታል። ሶፍትዌሩ ደግሞ ሌሊት አየሩ እንደሚረጋ፣ ጭሱም ወደ ላይ እንደማይበተን ያውቃል፤ ስሌቱን በዚያው ይቀጥላል፣ ስህተት አለ ብሎም አያስጠነቅቅም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የተለካው የፀሐይ ጨረር መጠን እኩለ ቀን አካባቢ ከፍ ማለቱን ይመልከቱ።

ተረት፦ ነፋስ የሌለበት ሰዓት ችግር የለውም።

እውነታ፦ ሪፖርቱ ላይ ችግር የሌለ ይመስላል፤ ኤርሞድ ፍጹም ጸጥ ያሉትን ሰዓታት ሳያሰላ ያልፋቸዋልና። በዲዴሳ ሸለቆ ጭስ ሊታቆር የሚችለው ግን በእነዚያው ሰዓታት ነው። ስንቱ ሰዓት እንደተዘለለ ሪፖርቱ ይናገር። የነፋስ መለኪያው የቆመበት ከፍታም ይጻፍ፤ 2 ሜትር ላይ የተለካን ነፋስ 10 ሜትር ላይ እንደተለካ ማስገባት ውጤቱን ያዛባል።

ተረት፦ ጭስ ማውጫው ከረዘመ ጣጣው አለቀ።

እውነታ፦ ለጥ ባለ ሜዳ ይረዳል። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ግን ያለው ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ተጨምቆ የቀረውን አገዳ እያነደደ የሚያወጣው ጭስ ወደ ደጋው ገደል ሊገፋ ይችላል። የከፍታ መረጃው ከሸለቆው አፋፍ ወዲያ ድረስ ካልተዘረጋ ሶፍትዌሩ ገደሉን አያየውም። እርሻ ላይ የሚቃጠለው አገዳ ደግሞ ከጭስ ማውጫ ስለማይወጣ ለብቻው ይሰላል።

ተረት፦ በስሌቱ ውጤት ካርታ ላይ የቀላው ሰፈር በዚያች ሰዓት በእርግጥ ተበክሏል።

እውነታ፦ ኤጀንሲው ራሱ በመመሪያው ከፍተኛው የብክለት መጠን ከ10 እስከ 40 በመቶ መሳሳቱ የተለመደ እንደሆነ ይገልጻል። ቁርጥ ያለው ቦታና ሰዓት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይታመናል። «ማክሰኞ ሌሊት ግቢያችን ጭስ ገብቶ ነበር ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ የጊምቢ ነዋሪ ኤርሞድ ቁርጡን አይነግረውም፤ ያ ከመለኪያ መሣሪያ የሚገኝ ነው።