ስድስት ዓመት የሚጠበቅ ወይን

እናንተ የጥድፊያ ዘመን ልጆች፣ ለመጠጥ ስንት ጊዜ ትጠብቃላችሁ? ስድስት ዓመት ከሦስት ወርስ?

በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ዡራ በሚባለው ተራራማ አገር፣ አነስተኛ የወይን ገበሬዎች «ቫን ዦን» ወይም ቢጫ ወይን የሚሉትን ይሠራሉ። ሳቫኛን የተባለው ነጭ የወይን ፍሬ ተጨምቆ ይፈላና በእንጨት በርሜል ይቀመጣል። ከዚያ በቃ፣ ጥበቃ ነው! ወይኑ እየተነነ ቢጎድልም ማንም አይሞላበትም። ሌላው ወይን ቢሆን ኮምጣጤ ሆኖ ቁጭ ይል ነበር። እዚህ ግን ስስ የእርሾ ሽፋን ከላይ ይጋረድና ያድነዋል፤ ለውዝ ለውዝ የሚል ጣዕምም ይሰጠዋል። ሁሉም በርሜል ግን አይሳካም።

መጨረሻ ላይ ከአንድ ሊትር የሚተርፈው 62 ሳንቲ ሊትር ነው ይላሉ። «ክላቭላን» የምትባለው ደንዳና ጠርሙስም የምትይዘው ይህንኑ ነው።

የሻቶ ሻሎን መንደር ገበሬዎችማ ይብሳሉ። ፍሬው ለስማችን አይመጥንም ካሉ፣ የዚያን ዓመት ወይን በመንደራቸው ስም አይሸጡም። እ.ኤ.አ. በ1974፣ በ1980፣ በ1984 እና በ2001 እንዲሁ አድርገዋል። ኪሳራው ቀላል እንዳይመስላችሁ! የስድስት ዓመት ተስፋ ነው የቀረባቸው።

እና ወዳጆቼ፣ በሥራም ሆነ በፍቅር ሁሉንም ዛሬውኑ ለምትሉ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እነሱ ግን አላፈሰሱም።