የሪቬት መሣሪያ እንዴት ይመረጣል?

እንደሚታወቀው በአገራችን አውሮፕላን መሥራት የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር አዲስ አበባ ላይ ያሠራት «ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. በረረች። ጣልያን ወስዷት ብዙ ዘመን ቆይታ በ2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ በቮልስዋገን ሞተር የምትሠራ አነስተኛ አውሮፕላን በራሱ ሠርቶ ሱሉልታ ላይ ሞከራት። ያኔ ከመሬት አልተነሳችም፤ ስንቱን ወጣት እንዳነሳሳች ግን በራሳችን አይተናል።

እኛም ለማስተማሪያ መርጃ ብለን የክንፍ ቁራጭ ከስስ ላሜራ ሠራን። ክፍል ውስጥ ስናሳይ አንዱ ጓደኛችን ጫፉን ይዞ ትንሽ ቢጫነው፣ ሪቬቶቹ ጠርዙን ቀደው ወጡ። ሁሉም ሳቀ። ሰው ተሳፍሮበት ቢሆንስ?

ቁራጩን ይዘን ደባርቅ ወደሚገኙ አንድ የላሜራ ባለሙያ ሄድን። «ጋሼ፣ ሪቬቱ ደካማ ነው እንዴ?» አልናቸው። «ሪቬቱ ምን አደረገ ልጆቼ? ቀዳዳውን ጠርዝ ላይ በሳችሁት» አሉን። ሕጉ ይህ ነው፦ ከቀዳዳው መሃል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት ከሪቬቱ ውፍረት ሁለት እጥፍ ማነስ የለበትም። ለ3.2 ሚሊሜትር ሪቬት ቢያንስ 6.4 ሚሊሜትር ማለት ነው።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። ሪቬት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ድፍን ሪቬት ነው፤ ባንድ ወገን ይመታል፣ በሌላው ወገን ከባድ ብረት ይደገፍበታል፣ ጭራውም ተጨፍልቆ ራስ ይሆናል። በትክክል ከተመታ የአዲሱ ራስ ስፋት የሪቬቱን ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቁመቱ ደግሞ ግማሹን ያህል ነው፤ ለ3.2ቱ 4.8 በ1.6 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ሁለተኛው ፖፕ ሪቬት ነው፤ መሃሉ ያለው ሽቦ ሲሳብ ጭራው ያብጥና ሽቦው ይበጠሳል።

መሣሪያዎቹ ሦስት ናቸው።

1. የአየር መዶሻ ከነደጋፊ ብረቱ። ለረጅም ክንፍ ይመቻል። ግን ኮምፕሬሰርና መብራት ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም ሁለት ሰው ይዞ ነው የሚሠራው። ጆሮ ካልተሸፈነ ይጎዳል።
2. የእጅ መጭመቂያ። መብራት አይፈልግም፣ አይጮህም፣ ሁሉንም ሪቬት እኩል ይጨፈልቃል። ጉድለቱ ከጠርዝ ርቆ መድረስ አለመቻሉ ነው።
3. የፖፕ መሳቢያ ፒንሳ። አንድ ሰው ባንድ ወገን ይሠራበታል። ውስጡ እጅ የማያስገባ ቦታ ላይ ይህ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ታዲያ የቱ ይሻላል? መልሱን የሚሰጠው ኪስ ሳይሆን ፕላኑ ነው። የአሜሪካው ቫንስ ፋብሪካ አርቪ የሚላቸው የቤት ሠራሽ አውሮፕላኖች በአብዛኛው በድፍን ሪቬት ይያያዛሉ፤ የዜኒት አውሮፕላኖች ደግሞ በፖፕ። ፕላኑ ድፍን ካለ በፖፕ መተካት አይቻልም። ከሱቅ የሚገዛው ተራ ፖፕም ለአውሮፕላን አይሆንም።

ከሁሉ በፊት ግን የተሳለ ፑንታ ይቅደም። ቀዳዳው ከሪቬቱ በትንሹ ብቻ ይስፋ፤ ከተበሳም በኋላ አፉ ላይ የቀረው ሸካራ ብረት ይጠረግ። ዓይን በመነጽር ይሸፈን። ተበላሽቶ የተመታ ሪቬት ቢያሳፍርም ተሰርስሮ ይወጣል እንጂ አይታለፍም።

ከዳባት ደባርቅ ስንመላለስ የአውቶቡሱን ጎን ልብ ብለን እንይ። ዙሪያው የጠቆረ ሪቬት ካለ ላልቶ እየተፋተገ ነው ማለት ነው። በአውሮፕላንም ምልክቱ ያው ነው።

ነገ ጃናሞራ ወይም አዲ አርቃይ ስንመደብ አውሮፕላን አንሠራ ይሆናል። የተሰነጠቀ የላሜራ ወንበር ግን ይጠብቀናል፤ ለሱም መሳቢያ ፒንሳና የሁለት እጥፉ ሕግ ይበቃሉ። ሁለተኛውን የክንፍ ቁራጭ በዚሁ ሕግ ሠርተን ከዚህ ጋዜጣ ሥር ሰቅለነዋል። ያልታመነን ይምጣና በእጁ ይሞክረው።