ጳጉሜን ለቆጠራ፣ መስከረም ለእርምጃ

አደይ አበባ ሲፈነዳ ብዙዎቻችን ለጤናችን ትልልቅ ዕቅድ እናወጣለን፤ ጥቅምት ሲገባ ግን ዕቅዱ ይረሳል። ይህ የሚሆነው በቁርጠኝነት ማነስ ብቻ አይመስለኝም፤ ያለፈውን ሳንመረምር፣ ግባችንንም ሳንመትር ስለምንነሳ ነው። ለምርመራው የዘመን አቆጣጠራችን የተመቸ ጊዜ ሰጥቶናል፤ 5፣ በ4 ዓመት አንዴም 6 ቀን ያላትን ጳጉሜን። ባለሱቅ በዓመቱ መጨረሻ ዕቃውን እንደሚቆጥር ሁሉ፣ ደብተር ይዞ «ዘንድሮ ጤናዬን ምን ጎዳው? ምንስ ጠቀመው?» ብሎ መጻፍ ይገባል። ከቆጠራው የሚወጣው ግብም የሚለካ ይሁን። «ስፖርት እሠራለሁ» ምኞት ነው፤ «ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሥራ ስመለስ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ» ግን ቀኑም መንገዱም የታወቀ ውሳኔ ነው።

«ስንቴ ጀምሬ አቋረጥኩ፤ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ይኖራል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ ልማድ እስኪሰርጽ በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ፣ ከሰው ሰውም ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ አሳይተዋል። አንድ ቀን መዝለሉም ልማዱን አላፈረሰውም። ከመስከረም 1 ብንቆጥር 66ኛው ቀን ኅዳር 6 ላይ ይውላል፤ በጥቅምት ተስፋ የሚቆርጥ ሰው እንግዲህ ፍሬው ሳይደርስ ማሳውን ጥሎ መሄዱ ነው። «ኑሮው ተወዶ ጤና የት ይገኛል?» ለሚሉም መልስ አለ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ በፈጣን እርምጃ ይሞላል፤ ከወጥ ላይ ጨው መቀነስም ወጪ የለውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ለራሳችንም ይህንኑ ትዕግሥት አንንፈግ።