ሳይከስሩ ኪሳራን መማር

በካርቱም በሰማያዊ ዓባይ ዳር የሚገኘው ጀሪፍ፣ ስሙ የወንዝ ዳር መሬት ከሚል የዓረብኛ ቃል የወጣ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በክረምት ሙላት በወረደው ደለል ጡብ በመሥራትና አትክልት በማልማት የታወቀ ሥፍራ ነው። እንዲህ ባለው ሥራ ሰው ዛሬ የቈረጠው ነገር ውጤቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው።

ለምሳሌ ሽንኩርትን እንመልከት። ችግኙ ከተፈላበት ቀን አንሥቶ ምርቱ እስኪነሣ ከአራት እስከ አምስት ወር ያህል ይፈጃል። ዋጋው በተወደደ ጊዜ ሁሉም ይተክላል፤ ሁሉም ባንድነት ወደ ገበያ ያወጣል፤ ዋጋውም ይወድቃል። የከሠረው ሁሉ ሲተወው ደግሞ መልሶ ይወደዳል። ይህም ከገበሬው ስንፍና ሳይሆን፣ በውሳኔውና በውጤቱ መካከል ካለው የጊዜ ርቀት የመጣ ነው።

ይህንኑ ለማስተማር በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ጄይ ፎረስተርና ባልደረቦቻቸው በ1960 እ.ኤ.አ. ገደማ «የቢራ ጨዋታ» የተባለውን አወጡ። ዛሬ በኢንተርኔትም ይጫወቱታል። ተጫዋቾቹ አራት ናቸው፤ እነዚህም ቸርቻሪ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይና ፋብሪካ ናቸው። እያንዳንዱ የሚያየው ከጎኑ የመጣለትን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ የታዘዘውም ዕቃ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅበታል። በተለመደው አጨዋወት ደንበኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች 4 ሣጥን፣ ከዚያም በኋላ እስከ መጨረሻው 8 ሣጥን ይገዛል። ለውጡ ይኸው አንድ ብቻ ነው። ነገር ግን ተጫዋቾቹ ዕቃ ሲያጥራቸው ደንግጠው፣ ያዘዙትንና ገና በመንገድ ያለውን ዘንግተው ደጋግመው ያዝዛሉ፤ በመጨረሻም መጋዘናቸው ይጨናነቃል። ጥፋቱንም እርስ በርሳቸው ይጣጣሉ።

ኢንተርኔት በሌለበት ሥፍራ የእርሻ ትምህርት ቤቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህን በወረቀት ሊያደርጉት ይችላሉ። እያንዳንዱ ተማሪ ስንት መደብ ሽንኩርት እንደሚተክል በምስጢር ይጽፋል፤ መምህሩም ድምሩ ሲበዛ ዋጋውን ዝቅ፣ ሲያንስ ከፍ እያደረገ ስምንት ወቅት ያህል ያጫውታቸዋል። ከዚያም ድምሩን አስቀድሞ እያስታወቀ እንደገና ያጫውታቸውና ሁለቱን ውጤቶች ያስተያያሉ።

እርግጥ ነው፣ ጨዋታ እርሻን አይተካም። በ2020 እ.ኤ.አ. ካርቱምን ያጥለቀለቀውን ጎርፍም ሆነ በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. የተነሣውን ጦርነት አስቀድሞ ሊነግር የሚችል ጨዋታ አልነበረም። ሆኖም በወረቀት ላይ የከሠረ ሰው ቤተሰቡን አያስርብም። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት በየገበያው ስንት መደብ ችግኝ እንደተፈላ በየወሩ ቢያስታውቁ፣ ገበሬውም ዘሩን ከመግዛቱ በፊት የጎረቤቱን መደብ ቢጠይቅ፣ የጨዋታው ትምህርት በእርሻው ላይ ጥቅም ሰጠ ማለት ነው።